መፍራቴ አለማመን ነው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 54 ነው። የተወለድኩት፣ ያደግኩት፣ ሦስት ልጆች ያሳደግኩትና የባለቤቴን ሐዘን የተቀመጥኩት እዚሁ ካዛንቺስ፣ እናቴ በልጅነቷ ከቡልጋ መጥታ በገባችበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሰፈራችን ለልማት ስለሚፈለግ እንድንነሣ ከተነገረን ወዲህ ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል፤ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም በባንክ ብድር መግዛት ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ። ልጆቼ ኮንዶሚኒየሙን እንድወስድ ይወተውቱኛል። የቤታችን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱም የጋራ እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ለመፈረም እጄ አልታዘዝ አለኝ። የምተዳደረው ለሁለት ሆቴሎችና ለጎረቤት እንጀራ ጋግሬ በማቅረብ ነው። ዕድሬ፣ ወር በገባ በ21 የምንጠጣው የእመቤታችን ጽዋ፣ የንስሐ አባቴ ሁሉም እዚህ ናቸው። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ጎረቤቴ ‹የሎጥን ሚስት አትሁኚ፤ እምነት ያለው ሰው አይፈራም› አለችኝ። ምልክት እንዲያሳየኝ እግዚአብሔርን ብለምነውም እስካሁን ምንም አላየሁም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው እውነት መስሎ ታይቶኛል። መፍራቴ አለማመን ነው? የንስሐ አባቴን ብለውጥስ ኃጢአት ይሆንብኛል? — የ21 ማኅበርተኛ»

መልስ፦

የተከበሩ እህታችን፣ ጎረቤትዎ ከተናገሩት ቃል ልጀምር፤ ከቤቱ ጉዳይ ይልቅ ልብዎን የወጋው እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍዎ ያስታውቃልና። የሎጥ ሚስት ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ይገኛል። እርሷ ዞራ የተመለከተችው መላእክት እጇን ይዘው ወዳወጧት፣ የኃጢአቱ ጩኸት ወደ እግዚአብሔር ወደ ደረሰ ከተማ ነው፤ ዞራ እንዳትመለከትም አስቀድሞ በግልጽ ተነግሯት ነበር። እርስዎ ዞረው የሚመለከቱት ግን ባለቤትዎ ባረፉ ጊዜ ድንኳን ጥለው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ እስኪጽናኑ ድረስ ከአጠገብዎ ያልተለዩትን ሰዎች ነው። ይህን ፍቅር ከሰዶም ናፍቆት ጋር ማመሳሰል መጽሐፉንም ሰውንም መበደል ይሆናል። ጎረቤትዎ በክፋት ተናገሩ አልልም፤ ምናልባት እርሳቸውም ፈርተው፣ እርስዎን ሲገሥጹ የራሳቸውን ልብ እየገሠጹ ይሆናል። ቢሆንም ቃሉን እንደ ፍርድ አይቀበሉት።

እምነት ያለው ሰው አይፈራም የሚለው አባባልም ቢሆን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይስማማም። የእምነት አባት የምንለውን አብርሃምን ይመልከቱ። ከካራን የወጣው በ75 ዓመቱ ነው፤ ወደ ዕብራውያን ሰዎች የተላከው መልእክትም «ወዴትም እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ» ብሎ ያመሰግነዋል። ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው እስከዚህ ያለውን ነው። ነገር ግን መውጣቱ በተነገረበት በዚያው ምዕራፍ፣ ገና ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ፣ በአገሩ ራብ በሆነ ጊዜ አብርሃም ወደ ግብፅ ሲወርድ ይገድሉኛል ብሎ ፈርቶ ሚስቱን ሣራን እኅቱ ነኝ እንድትል እንደ ለመናት ተጽፏል። ያ ሁሉ የተስፋ ቃል የተሰጠው ሰው በማያውቀው አገር ሲገባ እንደማንኛችንም ፈርቷል፤ በፍርሃቱም ምክንያት ያልተገባ ነገር አድርጓል። እግዚአብሔር ግን ስለ ፍርሃቱ ኪዳኑን አላፈረሰበትም፤ ሣራንም ከፈርዖን ቤት አወጣለት። ይህን የምጽፍልዎ ፍርሃትን ለማሞገስ አይደለም። በፍርሃት የተነሣ ከእግዚአብሔር ዘንድ የተጣሉ የሚመስልዎትን ሐሳብ ከልብዎ እንዲያወጡት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ቦታ አለ፤ ለእርስዎ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ይስማማዎታል። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7 ጌዴዎን ወደ ምድያማውያን ሰፈር እንዲወርድ በታዘዘ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ራሱ፣ ለመውረድ የምትፈራ ከሆነ ከሎሌህ ከፉራ ጋር ውረድ ይለዋል። ለምን ፈራህ ብሎ አልቈጣውም፤ ፍርሃቱን እስኪተው ድረስም አልጠበቀውም። ብቻውን እንዳይሄድ ሰው ጨመረለት፣ ከመዋጋቱም በፊት የሚዋጋበትን ቦታ ወርዶ በዓይኑ እንዲያይ አደረገው። እንግዲህ መፍራት በራሱ አለማመን አይደለም እላለሁ። አለማመን የሚጀምረው ፍርሃቱ የቤቱ አዛዥ ሆኖ መጠየቅን፣ ማየትን፣ መነጋገርን፣ መወሰንን ሁሉ ሲከለክለን ነው። እርስዎ ደግሞ ደብዳቤ ጽፈው ጠይቀዋልና ገና እዚያ አልደረሱም።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ስለ ቤቱ የጻፉት በጣም ጥቂት መሆኑን አስተዋልኩ። ጣሪያው እንደሚያፈስ አልደበቁም። የሚያስጨንቅዎ ጭቃውና ቆርቆሮው ሳይሆን፣ እግዚአብሔርን ያወቁት በዚህ ቦታ መሆኑ ነው። የጸለዩት ከዚህ ተነሥተው፣ የተጽናኑት በእነዚህ ሰዎች፣ ኃጢአትዎን የተናዘዙት በእነዚህ አባት ፊት ነው። ስለዚህ ከሰፈሩ ሲወጡ እግዚአብሔርንም ትተውት የሚሄዱ ይመስልዎታል። ይህን ማንም ሰው አፍ አውጥቶ አይናገረውም፤ ብዙ ሰው ግን በልቡ ይፈራዋል። ከሁሉ ይልቅ ልንነጋገርበት የሚገባውም ይኸው ይመስለኛል።

የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ ሳሉ የማደሪያው ድንኳን የተሠራው ተነቅሎ እንዲተከል ሆኖ ነው። ታቦቱ መሎጊያዎች ነበሩት፤ መሎጊያዎቹም ከቀለበቶቹ እንዳይወጡ ተከልክሎ ነበር፤ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ለመነሣት የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 9 እንደሚነግረን ደመናው በማደሪያው ላይ ሁለት ቀን ወይም አንድ ወር ወይም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ሲቀመጥ ሕዝቡ ይሰፍሩ ነበር፤ ደመናው ሲነሣ ደግሞ ይጓዙ ነበር። ዮርዳኖስን ሊሻገሩ በቀረቡ ጊዜም ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው አስቀድመው እንዲሄዱ፣ ሕዝቡም ሁለት ሺህ ክንድ ያህል ርቆ እንዲከተል ታዘዘ። ምክንያቱ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 3 ተነግሯል፤ ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ አልሄዱበትምና የሚሄዱበትን እንዲያውቁ ነው። እኛም ይህን በየዓመቱ በዓይናችን እናየዋለን። ጥር 10 ቀን ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ፣ በድንኳን ሲያድር፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሌሊቱን በዙሪያው ሲቆሙ፣ ያ ሜዳ ባዶ ሜዳ መሆኑ ያን ጊዜ ለማን ትዝ ይለዋል? እርስዎም ነጠላዎን አጣፍተው፣ እልል ብለው ተከትለውት እንደሚሄዱ አልጠራጠርም።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ካህን ነበር፤ ለአንድ ካህን ደግሞ ከቤተ መቅደሱ መራቅ ከሞት የማይተናነስ ነገር ነው። ሆኖም እግዚአብሔር ክብሩን ያሳየው በኢየሩሳሌም ሳለ ሳይሆን በምርኮ አገር፣ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ነው። በዚያው በባቢሎን ምድር የነበሩ ወገኖቹ በእንግዳ ምድር የእግዚአብሔርን ዝማሬ እንዴት እንዘምራለን ብለው በወንዞች ዳር ተቀምጠው ያለቀሱት ልቅሶ በዳዊት መዝሙር ውስጥ ገብቶ ዛሬ ድረስ ይጸለያል። ልቅሷቸውም ጸሎት ሆኖ ተቈጥሮላቸዋል። ስለዚህ ሰፈርዎን ሲለቁ ቢያለቅሱ ማንም እምነት እንደጐደለዎ አድርጎ ሊቈጥርብዎ አይገባም።

ስለ እናትዎ የጻፉት አንድ ሐረግ ሌላም ነገር አሳሰበኝ። እርስዎ አሁን መልቀቅ ያቃተዎት ሰፈር ለእናትዎ እንግዳ አገር ነበር። ከቡልጋ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ በካዛንቺስ የሚጠብቃቸው ዕድር፣ የሚያውቃቸው ጎረቤት፣ ለልጅነታቸው አጥቢያ የሚተካ ደብር የነበረ አይመስለኝም። ዕድር ራሱ በአዲስ አበባ የተስፋፋው እንደ እናትዎ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች፣ ዘመድ ርቆባቸው፣ ብንሞት ማን ይቀብረናል ብለው በመሰብሰባቸው እንደሆነ የከተማዋን ታሪክ የሚያውቁ ብዙዎች ይናገራሉ። እንግዲህ ዛሬ ላጣው ነው ብለው የሚፈሩት ነገር አገራቸውን ትተው የወጡ፣ እንደ እርስዎ የፈሩ ሰዎች የሠሩት ነው። እናትዎ በዚያን ጊዜ ምን እያሉ ይጸልዩ እንደነበር ነግረውዎት ከሆነ ያስታውሱት፤ ካልነገሩዎት ደግሞ በዕድሜ ከፍ ያሉ የማኅበር እናቶች አሉና ሰፈሩን መጀመሪያ የገቡት እንዴት እንደነበር ይጠይቋቸው። ከእኔ ምክር ይልቅ የእነርሱ ጨዋታ የሚጠቅምዎ ይመስለኛል።

ፍርሃት ያለፈውን የማሳመር ልማድ እንዳለው ደግሞ ልብ ይበሉ። የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ በቸገራቸው ጊዜ በግብፅ ይበሉት የነበረውን ዓሣ፣ ዱባና በጢሕ፣ ቀዩንና ነጩን ሽንኩርት አስታውሰው አለቀሱ፤ ጡብ ሲያስረግጣቸው የነበረው የአስገባሪ ጅራፍ ግን ትዝ አላላቸውም። እርስዎ ስለ ጣሪያውና ስለ ሽንት ቤቱ ሳይሸሽጉ በመጻፍዎ ከእነርሱ የተሻለ ሚዛን እንዳለዎ አሳይተዋል። በሌላ በኩል ልጆችዎም አዲሱን ቤት እያሳመሩት ይሆናል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ቢደርስዎ የጤፍ ኩንታል ወደ ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ወጣት ጉልበት ያለው ሰው ቶሎ አይታየውም። ስለዚህ እነርሱ ተስፋቸውን፣ እርስዎም ሥጋትዎን ይዛችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። እናታችን ዝም ብላ ትፈራለች ከሚሏቸው፣ የትኛው ፎቅ እንደሚሻልና ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቁ እናት ቢሆኑላቸው ይበልጥ ያደምጡዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይቀበለኝም። በእግዚአብሔር ታመኑ የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ዝም በሉ ለማለት መሸፈኛ ይሆናል። ይህ ትክክል አይደለም። የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይተካ በመሞቱ ርስት ሊያጡ በሆነ ጊዜ፣ በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛርና በአለቆቹ ሁሉ ፊት ቆመው ርስት ስጡን አሉ። ሙሴ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር ባቀረበ ጊዜም እግዚአብሔር በእውነት ተናግረዋል ብሎ ፈረደላቸው፤ በዚያም ምክንያት ለሌሎች ሴቶች የሚሆን ሕግ ወጣ። ስለዚህ በሚሰጥዎ ቤት፣ በጊዜ ገደቡ፣ በእንጀራ ሥራዎ ላይ በሚደርሰው ጉዳት፣ ወይም በስምዎ አመዘጋገብ ላይ ቅሬታ ካለዎ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የተቀበሉበትንም ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። በትሕትና ግን በግልጽ መጠየቅ ከእምነት ጋር አይጣላም። ጸሎትዎ ቢሮውን እንደማይተካው ሁሉ፣ ቢሮው የሚመልስልዎ መልስም ያመኑትን አምላክ መልስ አይተካም።

ስለ ምልክቱ ደግሞ እንነጋገር። ዮርዳኖስ በመከር ወራት እስከ ዳሩ ሞልቶ ይፈስስ ነበር። ሕዝቡ ሲመለከተው ውኃው ገና እየፈሰሰ ነው፤ ውኃው መፍሰሱን ያቆመው የካህናቱ እግር በዳሩ ከጠለቀ በኋላ ነው። ወንዙ ካልደረቀ አንነሣም ብለው በዚያ ማዶ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ የሚያዩት ነገር አልነበረም። እርስዎ ምልክት የሚጠብቁት ፊርማ በሚባለው በትልቁ እርምጃ ላይ ነው። እኔ የምመክርዎ ግን ከፊርማው በፊት ያሉትን ትንንሾቹን እርምጃዎች እንዲጀምሩና እግዚአብሔር ብርሃኑን በእነርሱ ላይ እንዲሰጥዎ እንዲለምኑት ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ቦታውን ሄዶ ማየት ነው። ጌዴዎን ብቻውን እንዳልወረደ እርስዎም ብቻዎን አይሂዱ፤ ሴት ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ጎረቤት ይዘው ይሂዱ፤ ያንን ጥቅስ የተናገሩትን ጎረቤትዎን ቢወስዷቸውም መልካም ነው። የሚሄዱትም በእሑድ ከሰዓት ሳይሆን እንጀራ በሚያደርሱበት የሥራ ቀን ጠዋት ይሁን፤ የታክሲውን ሰልፍ፣ የአውቶቡሱን ሰዓት፣ መንገዱ የሚወስደውን ጊዜ በእግርዎና በገንዘብዎ ይወቁት። ቀድመው የገቡ ሰዎች ካሉ በር አንኳኩተው፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መብራቱ ምን ያህል እንደሚቋረጥ ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል፤ ሁለት ምጣድ አብረው የሚጥዱ ከሆነ የቤቱ መስመር ይሸከም እንደሆነ ባለሙያ ጠይቀው መረዳት ያስፈልግዎታል። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለከብት ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት እንዲኖር ተደርጎ ይሠራል፤ እዚያ ግቢ ያለው አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ፣ ወይስ ለሌላ ነገር ተይዞ እንደሆነ ሄደው ይዩ። ለሁለቱ ሆቴሎች ኃላፊዎችም አስቀድመው ይንገሯቸው። የእርስዎን እጅ የለመዱ ከሆነ ሰዓቱን ለማስተካከል ወይም ከበፊቱ አብልጠው በአንድ ጊዜ ለመውሰድ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ባይስማሙም ከተዛወሩ በኋላ ከሚያውቁት አሁን ቢያውቁት ይሻላል። በአዲሱ ሰፈር ያለው ሰውም እንጀራ ሳይበላ አይውልምና፣ ማን እንደሚያቀርብለት በዚያው ቀን አጣርተው ይመለሱ።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቈጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 አስተምሯል። ቅድሚያ የሚከፈለውን፣ በየወሩ ለባንክ የሚገባውንና ወለዱን፣ ብድሩ የሚያልቅበትንም ዓመት በወረቀት ይጻፉትና ከእንጀራው ከሚያገኙት የተጣራ ገቢ አጠገብ ያስቀምጡት። ውሉን ሳያነቡ በእግዚአብሔር ስም ብሎ መፈረም እግዚአብሔርን መታመን አይባልም፤ የሚያነብልዎና የሚያስረዳዎ ሰው ይዘው ይሂዱ። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ የወሩ ክፍያ ገቢዎን የማያናጋ ከሆነ ወደ ኮንዶሚኒየሙ አዘነብላለሁ። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ተከራይ ነው፤ ዛሬ የደረሰብዎ መነሣት ነገ በምትኩ ቤትም ሊደርስብዎ ይችላል። ክፍያው በልጅዎ ደመወዝ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ልጅዎ ነገ ትዳር ሲይዝ ወይም ሥራ ሲለቅ ምን እንደሚሆን በግልጽ ተነጋግራችሁ ካልጨረሳችሁ በቀር ምትክ የቀበሌ ቤቱን መውሰድ የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። እግዚአብሔር በሁለቱም ቤት ይመለካል።

ወደ ጸሎትዎ ልመለስ። ምልክት አሳየኝ የሚለውን ጸሎት ለጊዜው አቆይተው፣ የዕለቱን ኃይል ለዕለቱ እንዲሰጥዎ ይለምኑ። መናው የተሰጠው ለየቀኑ ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ለነገ ያሳደረው ሰው ተልቶ አገኘው። ጌታችንም «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ብሎናል፤ ቀኑ ክፋት የለውም አላለንም። በውስጥዎ እምነትና ፍርሃት አብረው ካሉ ደግሞ ሁለቱንም በፊቱ ያቅርቡ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ልጁም ዳነለት። ከቤት ሲወጡና ወደ ቤት ሲመለሱ በዳዊት መዝሙር በ120 ያለውን፣ እግዚአብሔር መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል የሚለውን ይድገሙት፤ ቦታውን ሊያዩ በሚሄዱበት ቀንም ታክሲው ውስጥ ይድገሙት። ሌሊት ነቅተው የሚመላለስብዎትን ሐሳብ ደግሞ ልጅዎ በደብተር ትጻፍልዎ ወይም ራስዎ ይጻፉት። ጠዋት ሲያነቡት አንዳንዱ ቢሮ ሄዶ የሚጠየቅ፣ አንዳንዱ ከልጆች ጋር የሚመከርበት፣ ጥቂቱ ደግሞ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚተው ሆኖ ያገኙታል። ሦስቱ በሌሊት ሲደባለቁ ነው አንድ የማይገፋ ተራራ የሚመስሉት።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታትን ካስቈጠረ፣ ምግብ የማያስበላዎ ከሆነ፣ ወይም ልብዎ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ ግን በጸሎት ብቻ እወጣዋለሁ ብለው አይቆዩ። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ለሐኪም ይንገሩ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ጠበል መጠመቅዎም ከሐኪም ምክር አያግድዎትም።

ከተዛወሩ በኋላ ስላለው ኑሮ ነቢዩ ኤርምያስ ለተማረኩት የላከው ደብዳቤ በምዕራፍ 29 ይገኛል። ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡበትም፣ አትክልት ትከሉ፣ ፍሬዋንም ብሉ፣ ወደ እርስዋ ለተወሰዳችሁባት ከተማም ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ጸልዩ ይላቸዋል። ብዙ ተዛዋሪዎች ዕቃቸውን ሳይፈቱ፣ ጎረቤት ሳይተዋወቁ፣ ልባቸው በድሮው ሰፈር ቀርቶ ይኖራሉ፤ ይህም ከመዛወሩ የበለጠ ያደክማቸዋል። በአዲስ ግቢ ግን ሁሉም እንግዳ ነው፤ ጎረቤቶችዎም እንደ እርስዎ በራቸውን ዘግተው ማን ይቀብረኝ ይሆን እያሉ ነው። መጀመሪያ ቡና ያፈላው ሰው የሰፈሩ እናት ይሆናል። የድሮው ዕድርዎ አባላቱ ከተበተኑ በኋላ ይቀጥል እንደሆነ የሚወሰንበት ስብሰባ እንዳያመልጥዎ ይገኙ፤ ከቀጠለ ወርኃዊ መዋጮዎን እየከፈሉ ይቆዩ፤ ነገር ግን ሐዘን በደረሰ ሌሊት ድንኳንና ዕቃ ከሩቅ ሰፈር ማምጣት እንደሚያስቸግር አስበው በአዲሱ ግቢ ለሚቋቋመው ዕድርም ይመዝገቡ። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ነውና መራቅዎ ከማኅበሩ አያስወጣዎትም። እንዲያውም ተራው የሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ ማኅበርተኞቹን አስፈቅደው፣ ከገቡ በኋላ ያለውን የመጀመሪያውን 21 በአዲሱ ቤትዎ ያድርጉት። ጠላውና ዳቦው ተባርኮ፣ ዳዊቱ ተደግሞ፣ እናቶቹ ተቀምጠው ካመሹበት በኋላ ቤቱን ባዶ ቤት ብሎ መጥራት ያስቸግርዎታል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ስለ ንስሐ አባትዎ ነው። የመኖሪያ ቦታ በመራቁ ምክንያት የንስሐ አባት መለወጥ ኃጢአት አይደለም፤ ሳይነግሩ፣ ሳያስባርኩ መለየት ግን አይገባም። ስለዚህ ከመዛወርዎ በፊት ሄደው እንደዚህ ደብዳቤ ሁሉንም ይንገሯቸው፤ ፍርሃትዎንም ጭምር። ብዙዎቹ አባቶች በስልክም ቢሆን ልጆቻቸውን ሲያጽናኑ፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ መጥተው ቤት ሲባርኩ ይታያሉና፣ እርስዎን መጠበቅ እንደሚችሉ ከነገሩዎት አይለወጡ። ቅርብ ያለ አባት ይሻልሻል ካሉዎት ደግሞ በአዲሱ አጥቢያ ካሉት ካህናት ማንን እንደሚመርጡልዎ ይጠይቋቸው፤ ካህናት እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉና አደራውን ራሳቸው ቢያስተላልፉልዎ ይመረጣል። ቦታውን ሊያዩ በሚሄዱበት ቀን አጥቢያው የትኛው እንደሆነና ኪዳን በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አብረው ጠይቀው ይምጡ፤ ለአባታችንም ያንን ይዘው ቢነግሯቸው ለመምከር ይቀላቸዋል።